የእማዬ ጉልበትና የእኔ አፍ

ወገኖቼ፣ ይህን ስናገር ፊቴ በእፍረት እየነደደ ነው። ግን አንድ ሰው እንኳ ቢማርበት ብዬ ልናዘዘው።

እናቴ ወይዘሮ ዓለምሸት በጉልበት ሕመም ቅዳሴ መቆም አቃታት። እዚህ ቴክሳስ ከምንኖርበት ከሌዊስቪል ፍሪስኮ ከተማ ድረስ ወደ አጥንት ሐኪም ወሰድኳት። ነርሷ "አስተርጓሚ ላምጣ?" ስትለኝ "እኔ ልጇ እያለሁ?" ብዬ ሳቅሁባት።

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ሰው ሠራሽ ጉልበት በተለመደው መንገድም፣ በሮቦት እገዛም ይገባል። ሮቦቱ አጥንቱን በልክ ለመቁረጥ ያግዛል እንጂ የሚሠራው ያው ሐኪሙ ነው። "በሁለቱም መንገድ ብዙ ሰው ይድናል። ዋናው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢያማትም በየቀኑ ጉልበቷን ማጠፍ አለባት። እሷ የቱን ትመርጣለች?" አለኝ።

ለእኔ የታየኝ ግን አብሮን የሚያስቀድሰው ወልዴ ነው። "የሚስቴን ጉልበት ሮቦት ሠራው" እያለ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲጎርርብን ከርሟል። የእኔ እናት ከማን ታንሳለች?

"እማዬ፣ ሮቦት ነው የሚሠራሽ። ስህተት የሚባል አያውቅም" አልኳት።

"ይኼን ሁሉ አውርቶ ይችን ብቻ ነው ያለው?"

"ኦኬ፣ በቃ ይኸው ነው!" ወደ ሐኪሙ ዞሬ "ሮቦቱን መርጣለች" አልኩት።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። ጠያቂው ድስቱን ይዞ ጎረፈ፤ ሁሉም "እንዳትነሺ!" ይላታል። ጉልበቷን ልታሠራት ቤት የምትመጣዋን ባለሙያ እማዬ "ዛሬ አሞኛል" እያለች ስትመልሳት እኔም የሐኪሙን ምክር አላነሳሁላትም። በስድስት ሳምንት ጉልበቷ እንደ ግንድ ደረቀ።

ወደ ሐኪሙ ስንመለስ ሆስፒታሉ በስክሪን አስተርጓሚ አቀረበ። "በየቀኑ እንዲያጥፉት በመጀመሪያው ቀን ተነግሮዎት ነበር ይላሉ ዶክተሩ" አላት አስተርጓሚው።

እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ "አዎ፣ ተነግሮኛል። ረስቼው ነው፤ እርጅና ነው" አለች።

ውይ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ለእኔ ስትል ዋሸች።

"አልረሳችም። እኔ ነኝ ያልነገርኳት። ምርጫዋንም አልጠየቅኳትም" አልኩ።

ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ የደረቀውን ጉልበቷን ራሱ ማጠፍ እንደሚያስፈልገው ነገራት፤ ፈቃዷንም ጠየቃት። እማዬ መጀመሪያ ጥያቄ ነበራት። "ዶክተር፣ ኦፕራሲዮን የሆንኩ ቀን ሰው አብሮኝ ነበር? ከማሽን ጋር ብቻዬን የተዋችሁኝ መስሎኝ ስንቴ አለቀስኩ" አለች። ሐኪሙ "የሠራሁሽ እኔው ነኝ፤ ሮቦቱ አገዘኝ እንጂ" ሲላት ፈቀደች።

ወገኖቼ፣ እናት አባታችሁን ሐኪም ዘንድ ስትወስዱ አስተርጓሚ አትመልሱ። ጉልበቱ የእነሱ ነው፤ የሐኪሙ ቃልም ምርጫውም የእነሱ ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት እሷ ታጥፋለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። ጉልበቷ እየተመለሰ ነው። "ዛሬ ሃያ ነው እማዬ" ስላት ግን ቀና ብላ ታየኛለች።

"ያፌት፣ ሃያ ያለው ሐኪሙ ነው ወይስ አንተ?"