በጠራ ሰማይ ያለቀሰችው መኪና

ጃግ ሱክዴኦ የተገኘው በሸንኮራ እርሻው ቦይ ውስጥ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነው። ነጠላ ጫማው ግን ከቦዩ ዳር፣ አስፋልቱ ላይ፣ ግራና ቀኙ ተጣጥሞ ተቀምጦ ነበር።

ኢንስፔክተር ዊልሄልሚና አዶኒስ ከዋና ከተማው ከጆርጅታውን ስትደርስ ሬሳው ተነስቷል፣ ተጠርጣሪዋ ታስራለች፣ የመንደሩ ሳጅንም ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ቀበቶውን አላልቶ ይጠብቃታል። አዶኒስ ጡረታዋ የቀረበ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷ ግን ያላረጀ ሴት ነበረች።

«ያለቀለት ነገር ነው እመቤቴ» አለ ሳጅኑ። «ጃግ መንዳት ያስተምራት የነበረችው ኩባዊት ናት፣ ማይሌን። የመኪናዋ የፊት መብራት ተሰብሮ የሟች ሸሚዝ ክር ተገኝቶበታል። ገና ለማጅ ናት። በማለዳ ለጸሎቱ አበባ ሊቀጥፍ ሲወጣ ገጨችው፣ ደነገጠች፣ ጥላው ሄደች። ነገ ወደ ከተማ እንልካታለን።»

«ልጅ አላት አሉ።»

«ትንሽ ልጅ አለቻት። እሷን መንግሥት ይወስዳታል።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወዲያው አልሞተም ብሏል። እግሩ ተሰብሮ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ጥፍሩ ውስጥ ጭቃና ሣር አለ።»

«ጫማውንስ ማን አስተካክሎ አስቀመጠው?»

«ጫማ?»

«አዎ፣ ጫማ! መኪና የመታው ሰው ጫማው ይበራል እንጂ አይሰለፍም።»

አዶኒስ ጎንበስ ብላ የቦዩን ጠርዝ አየች። ሣሩ ከነሥሩ ተነቅሏል፤ አሥር ጣት የጫረው መስመር ወደ ውሃው ይወርዳል። ሰውየው ከታች ይህን ያህል ሲታገል፣ ሌላ ሰው ከላይ ቆሞ ጫማ ያስተካክል ነበር ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ቀኑን ሙሉ ከጀርባዋ አልወረደም።

የማይሌን መኪና ጓሮዋ ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆማለች። በሌሎች ሰዎች እጅ ኖራ ከጃፓን የመጣች ሰማያዊ አሮጌ መኪና ናት። ከበሯ እጀታ ላይ ሎሚና ቃሪያ በክር ተንጠልጥሏል።

«አትንኪያት እህቴ!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ማዶ መጣ። ጎረቤቷ ሚስ አይቪ ነበረች። «ሎሚውን እኔ ነኝ የሰቀልኩት፣ ክፉውን እንዲያርቅ። ያቺ መኪና ብቻዋን አልመጣችም። የድሮ ባለቤቷ ሞቶ ይሆናል፤ መንፈሱ አብሯት ነው የተሳፈረው።»

«ጃፓናዊውን አየሽው እንዴ?»

«ማንንም አላየሁም! የሚያስፈራውስ እሱ አይደል? ገና እየነጋ ከቦዩ መታጠፊያ ስትመጣ አየኋት። መስታወቷ ጠቁሯል፣ ውስጧ ሰው አይታይም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። ከዚያ መጥረጉ ቆመ። እዚህ ግቢ ልትገባ ስትታጠፍ ደግሞ እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ፈርቼ ቤቴ ገባሁ። ለሳጅኑ ብነግረው ሳቀብኝ።»

«እኔ አልስቅብሽም።»

በዋዜማው ሸንኮራው ለአጨዳ ተቃጥሎ ስለነበር መንደሩ አመድ ለብሷል። አዶኒስ የመኪናዋን የፊት መስታወት አየችው። አመዱ ከጠዋት ጤዛ ጋር ተለውሶ፣ መጥረጊያው በተመላለሰበት ቦታ ሁሉ እንደ ኩል ተለቅልቋል። ከውስጥ ሆኖ ማንም በዚያ ማየት አይችልም።

ማይሌን በጣቢያው አግዳሚ ላይ እጇን በጉልበቶቿ መሐል ከታ ተቀምጣለች። ዳቦ እየጋገረች በየቤቱ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ኩባ እያለሁ ብስክሌት እንኳን አልነበረኝም» አለች። «መሪ የጨበጥኩት እዚህ ነው። አጎት ጃግ ያለ እሱ እንዳልነዳ አስምሎኛል። ዛሬም ዳቦዬን ተሸክሜ በእግሬ ነው የወጣሁት። ቁልፉ በረንዳው ምስማር ላይ ነበር።»

«መኖሩን ማን ያውቃል?»

«ወንድሜ ያውቃል። አጎት ጃግም ቤተሰቦቹም ያውቃሉ፤ ማታ ማታ እዚያው እንጫወት ነበር።»

«እስቲ ዓይንሽን ጨፍኚ። መሪው በእጅሽ ነው። ወደ ግራ ታጠፊ።»

ማይሌን ጨፈነች። የቀኝ እጇ ጣቶች ሳያመነቱ በአየር ላይ ያለውን ፍሬቻ ነኩ። ወዲያው ዓይኗን ገለጠች።

«ዳግመኛ ጨፍኚ አይበሉኝ፣ እባክዎን። በጨፈንኩ ቁጥር የምነዳው እኔ ነኝ። እሱም ከፊቴ ቆሟል።»

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ከሱክዴኦ ቤት ሥር ተሰበሰበ። ቤቱ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመ ስለሆነ ሥሩ ጥላ ነው። የማይሌን ታላቅ ወንድም ኦስማኒ ደረጃው ላይ ሊወጣ ጫማውን አወለቀ፤ አንዱ ተገልብጦ ወደቀ፣ እሱ አላየውም። አዶኒስ ከላይ በረንዳው ላይ ይዛው ተቀመጠች።

«እኔን እሰሩኝና እሷን ልቀቋት።»

«አንተ ነህ የገደልከው?»

«አይደለሁም። ግን ልጅ አላት።»

«እዚያ አገርህ ምን ትነዳ ነበር?»

«ሸንኮራ የሚጭን መኪና፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። እዚህ የውሃ ቦቴ እነዳለሁ። ስመጣ አሳሬን ነው ያየሁት! በእኛ አገር ፍሬቻው በግራ እጅ ነው፤ እዚህ በግራ በኩል ያለው የመስታወት መጥረጊያ ነው። ልታጠፍ ባልኩ ቁጥር በጠራራ ፀሐይ መስታወት እጠርጋለሁ። ሕፃናቱ ‹ዝናብ መጣ!› እያሉ ይከተሉኝ ነበር።»

«አሁንስ እጅህ ረሳው?»

ኦስማኒ ግራ እጁን አየ። «ስደነግጥ አይረሳም» አለ በሐቀኝነት። ይህ መልስ ሊያሳስረው እንደሚችል ገብቶታል፣ ግን አልዋሸም።

በዚህ መሐል የሟች የእህት ልጅ ቪሻም ውሃ ይዞ ወደ ደረጃው መጣ። በልጅነቱ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ከወር በፊት አጎቱን ሊጠይቅ የመጣ ጎረምሳ ነው። የኦስማኒን የተገለበጠ ጫማ፣ ወደ ታች እንኳን ሳያይ፣ በእግሩ ጣት ገልብጦ ከሌላኛው ጫማ ጋር አስተካከለውና አለፈ። አዶኒስ የተሰለፉትን ጫማዎች አየች።

«አንተስ ትነዳለህ?» ስትል ውሃውን ተቀበለችው።

«እኔ? ኒውዮርክ መኪና ምን ያደርጋል አክስቴ፣ ባቡር እያለ! እዚያ ባለመኪና ማለት ማቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ሲዞር የሚያረጅ ሰው ነው። ያውም መንገድ የሚጠረግበት ቀን ከሆነ፣ በማለዳ ተነስተህ ወደ ማዶ ካላዞርካት ቅጣት ይለጥፉብሃል።»

«ለባቡር ተሳፋሪ ችግሩን በደንብ ታውቀዋለህ» አለች እየሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ግን ዘግይቶ ነው።

ሲሄድ፣ በረንዳው ላይ የነበረችው የሟች ሚስት ባስማቲ በኩራት በዓይኗ ተከተለችው። «አየሽው? ጫማ ተገልብጦ ከዋለ ቤት ውስጥ ጠብ ይገባል። እናቱ እስክትወስደው ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሜሪካም ሄዶ ያስለመድሁትን አልረሳም።»

አዶኒስ ለዚህች ሴት አዘነችላት። እየተናገረች ያለችውን አታውቅም። ከዚያ ማይሌንን እንዲያመጣ ሳጅኑን ላከችው፤ ሁሉንም ከቤቱ ሥር አስቀመጠች።

«ሚስ አይቪ መኪናዋ አለቀሰች ትላለች» ብላ ጀመረች። «እውነቷን ነው። ነጂው በታጠፈ ቁጥር ፍሬቻ መስሎት መጥረጊያውን ነካ። ማይሌን መንዳት የተማረችው እዚሁ፣ በዚያችው መኪና ነው፤ እጇ ሌላ አያውቅም። ይህ የሌላ አገር እጅ ነው። ጃግንም የገደለው ይኸው ስህተት ነው። ነጂው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መጥረጊያው አመዱን ደፍድፎ መስታወቱን ደፈነው። እንደ ታወረ ነው የመታው።»

ሁሉም ወደ ኦስማኒ ዞሩ። ማይሌን የወንድሟን ክንድ ጨበጠች።

«አዎ፣ የእሱም እጅ እንዲሁ ይሳሳታል» አለች አዶኒስ። «ግን ኦስማኒ የተገለበጠ ጫማ ተራምዶ ነው የሚያልፈው። የመታው ሰው ከመኪናው ወርዷል። የተወረወረውን ጫማ አይቶ፣ ሳያስብበት፣ በዚህ ቤት እንዳስለመዱት አስተካክሎ አስቀምጦታል። ሁለቱም ልማድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚህ ቤት አድጎ መንዳትን ከባሕር ማዶ የተማረ ሰው። ቪሻም፣ የኪስ ቦርሳህን አውጣ። መንጃ ፈቃድ ከሌለበት ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ቪሻም እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። «ሲጋራ ልገዛ ነበር» አለ። «ሳትነቁ እመልሳታለሁ ብዬ ነው። አልታየኝም፣ በእግዜር! ድው ሲል ነው የሰማሁት።»

ባስማቲ ከመቀመጫዋ ተነስታ ከፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም። «ጠራህ?»

ቪሻም ደረጃው ሥር ወዳሉት ጫማዎች አየ።

«ልጄ፣ አጎትህ ጠራህ ወይ ነው የምልህ።»

«በቁልምጫ ስሜ ጠራኝ» አለ። «‹ቪሹ፣ እጅህን ስጠኝ› አለኝ። ጫማውን አስቀመጥኩና ሮጥኩ።»

ባስማቲ የግራ እጁን አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው፣ የማታውቀው ዕቃ እንዳገኘች ሁሉ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ለሳጅኑ ሰጠችው።

ማይሌን በሚቀጥለው ወቅት መንጃ ፈቃዷን አገኘች። ባስማቲ ወደ ቤተ መቅደስ ስትሄድ የምትሳፈረው ከእሷ ጋር ነው። ሸንኮራው በተቃጠለ ማግስት አመዱ እንደገና መስታወቱን ሲያለብሰው፣ ማይሌን ከቦዩ መታጠፊያ በፊት መኪናዋን ታቆምና ትወርዳለች። መጥረጊያውን ነክታው አታውቅም። በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በእጇ ትጠርጋለች።

ባስማቲ በመስኮቱ ወደ ቦዩ እያየች ትጠብቃታለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ማይሌን ተመልሳ ስትገባ፣ «ጃግ ዛሬም ‹እጃችሁን ስጡኝ› ይላል» አለቻት። ማይሌን ፍሬቻዋን አብርታ ቀስ ብላ ታጠፈች።