የማለዳ ጣቶች

ማለዳ ላይ በሩ ሲሰበር ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ አልጋው ላይ ሞቷል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ቁልፉ ከውስጥ በኩል እንደተሰካ ነው። በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ትራሱ ሥር ተገኘ።

ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ባልደረቦቹ «ምላጩ» የሚሉት መርማሪ ግን ያለቀለት ነገር አይወድም። መጀመሪያ የሟቹን ልጅ ጠየቀ።

«እንጀራ እናቴ ናት የገደለችው! ቀኑን ሙሉ በምትሰፋበት እጇ ፓፉን መክፈት አቅቷት ነው? ሊነጋጋ ሲል ሲጨቃጨቁ ከጎን ካለው ክፍሌ ሆኜ በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ።»

«ምን ይባባሉ ነበር?»

«ቃሉ አይለይም። የለመድኩት ነው፤ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ።»

«የአባትህ ድምፅስ?»

ልጁ አሰብ አደረገ። «የሚሰማው የእሷ ነው።»

በቀብሩ ማግስት እኩለ ቀን ላይ መርማሪው ልብስ ሰፊዋን ሚስት የጥቁር ቀሚሷን ጠርዝ ስትዘመዝም አገኛት። መርፌውን ቀልጠፍ አድርጋ ትይዛለች።

«እናቴ፣ ድምፅዎ ምነው ተዘጋ?»

«ብርድ ነው።»

«ፓፉን ለምን አልሰጧቸውም?»

አንገቷን ደፍታ መዘምዘሟን ቀጠለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እሷን ግን ዝምታዋ ወደ እስር ቤት እየወሰዳት ነበር።

መርማሪው ፓፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አገላበጠው። ክዳኑ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። በቁልፉ የፕላስቲክ እጀታ ላይም እንደዚያው።

በነጋታው ማለዳ ልጁንና የቤተሰቡን ሐኪም ይዞ ተመለሰ። ሴትየዋ ከአልጋዋ ገና መነሣቷ ነው፤ ለሰላምታ እጁን ቢዘረጋላት እጇን ከሻሏ ሥር አላወጣችም።

«እናቴ፣ እጅዎን ያሳዩን።»

እያመነታች አወጣችው። የጣቶቿ መካከለኛና የሥር አንጓዎች አብጠዋል፤ ጣቶቿ ወደ ትንሿ ጣት አዘንብለው አይዘረጉም፣ አይጨበጡም።

«የመገጣጠሚያ ብግነት ነው» አለ ሐኪሙ እየዳሰሰ። «ከእንቅልፍ ሲነሡ ድርቅ ይላል፤ ረፋዱ ላይ ይፍታታል።»

«እንግዲህ ቀን መርፌ የሚይዘው ጣት ማለዳ ክዳን አይከፍትም» አለ መርማሪው። «በጥርሳቸው ሞከሩ። ቁልፉንም በጥርሳቸው ሊያዞሩ ታገሉ። አልሆነም። ድምፃቸውን የዘጋውም ብርድ አይደለም። የቀራቸው መጮህ ብቻ ነበር።»

«ሲጨቃጨቁ ነበር አልኩህ እኮ!» አለ ልጁ።

«ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከማን ጋር ይጨቃጨቃል? ለዚያ ነው የአባትህን ድምፅ ያልሰማኸው።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ብልህ ሰው ግን የጀመረውን ሳይጨርስ አይሆንለትም።

«የሰማኸው እሳቸው አንተን ሲጠሩህ ነው።»

ልጁ በግድግዳው ተንሸራቶ መሬት ላይ ዘፍ አለ። ሴትየዋ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ መርማሪው ላይ ጮኸችበት።

«ማን ንገረው አለህ? እኔን አስረህ ብትሄድ ምን ቸገረህ? አባቱን ቀበረ፤ ይሄንንስ የት ይቅበረው?»