የተሰፋው ደብተር

ልጅቷን ሁሉም ክብሪት ይላታል። ዐሥር ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከልብስ ሰፊ እናቷ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ የስፌት መኪና። ለምን ክብሪት ተባለች? ነካ ሲያደርጓት ቦግ ስለምትል ነዋ!

ትምህርት ቤት ዐረብኛ ይማራሉ። መምህሩ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው አጣምረዋቸዋል። ሁለቱም ያነበቡ ጥንዶች ለወላጆች ቀን ይመረጣሉ። አንዷ ካቃታት ሁለቱም ይቀራሉ።

የክብሪት ጥንድ ዝምተኛዋ የጫማ ሰፊው ልጅ ናት። እሷ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ታጠናለች። ክብሪት ግን ብልጥ ነኝ አለች። ከያንዳንዱ የዐረብኛ ቃል ሥር ድምፁን በአማርኛ ፊደል ጻፈችና እሱን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች።

"ፊደሎቹንስ አታጠኚም?" አለቻት ጓደኛዋ።

"አንቺ ተሰቃዪ፤ እኔ ጨርሻለሁ!"

ጨርሻለሁ አለች፣ ልጆቼ፤ ገና ሳትጀምር!

ሰኞ መምህሩ ደብተር አዘግተው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የጫማ ሰፊው ልጅ አነበበች። ክብሪት ተነሣች። ፊደሎቹ አፈጠጡባት። አንዱንም አታውቀውም።

"ክብሪቱ ርሷል!" አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አይዞሽ" አለች ጓደኛዋ።

ክብሪት ቦግ አለች። "ባንቺ ምክንያት ነው!" ብላ የልጅቷን ደብተር ቀምታ ለሁለት ተረተረችው። ልጅቷ ቅዳጁን ለቃቅማ ተቀመጠች።

"ዐርብ የመጨረሻ ዕድላችሁ ነው" አሉ መምህሩ።

ቤት ስትገባ እናቷ የተወሳሰበ ክር ይዛለች። ክብሪት ነጥቃ ጎተተችው። ቋጠሮው ጠበቀ።

"አየሽ እሜቴ፣ ሲጎትቱት ይብሳል" አለች እናቷ። "መጀመሪያ እጅሽን አሳርፊ። ከዚያ ጫፉን ፈልጊ። ዛሬ ምን ሆነሽ ነው?"

ክብሪት እጇን አሳረፈች። "ያፈርኩት በራሴ ነው፤ የጮህኩት በጓደኛዬ ላይ" አለች።

ጫፉ ተገኘ ማለት አይደል?

ወፍራም መርፌና ክር ይዛ ወደ ጫማ ሰፊው ቤት ሄደች።

"ይቅር በይኝ። ደብተርሽን ልስፋልሽ።"

"ስፌት ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"እንደ ዐረብኛው በይኛ!" አለች ልጅቷ። ሁለቱም ሳቁ። ይቅርታውም በዚያው አለቀ።

ክብሪት ደብተሩን ሰፋችው፤ ከራሷ ደብተር ደግሞ የአማርኛውን ጽሑፍ በላጲስ አጠፋችው። እስከ ሐሙስ በየቀኑ ሰባት ሰባት ፊደል አጠኑ፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች።

ዐርብ ክብሪት ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እየሳበች አነበበች። መሐል ላይ አንድ ፊደል ጠፋባት። ያ ከኋላ ያለው ልጅ ኪኪ አለ። ፊቷ ጋለ። ግን እጇን ዴስኩ ላይ አሳረፈች። ተነፈሰች። ፊደሉ መጣላት።

"ንባብሽ እንደ ኤሊ ነው፤ ግን የራስሽ ነው" አሉ መምህሩ። ሁለቱንም ከተመረጡት ዝርዝር መጨረሻ ላይ መዘገቧቸው።

በወላጆች ቀን ከዚያው ከተሰፋው ደብተር አነበቡ። እናቷ ከኋላ ወንበር ሆና ስፌቱን አየችው። የተንጋደደ ነው፤ ግን ይዟል።

ልጆቼ፣ ስትናደዱ እጃችሁን አሳርፉ፣ ስታጠፉ ይቅርታ ጠይቁ፣ ትምህርታችሁንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አጥኑ።