ሃሞ ያልተሟገተው ሙግት

በ፲፪፻፹፩ ዓመተ እግዚእ፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረግ ዳር፣ ሣር በሚታጨድበት ወር፣ ሃሞ የቶርኪል ልጅ የሞተ አባቱን ሌባ ሊያሰኝ ተስማማ።

ሲመን የተባለ አንድያ ልጁን ዓሣ ሊያጠምድ እንደ ወጣ ረግረጉ በልቶት ነበር፤ ሳይናዘዝ ነው የሞተው። ሃሞ የወንዙን ዳር መስክ ለገዳሙ ሰጥቶ፣ መነኮሳቱ ለልጁ ነፍስ እስከ ዓለም ፍጻሜ እንዲቀድሱ ተመኘ፤ ነገር ግን ንጉሡ እንዲህ ያለውን ስጦታ በአዋጅ ከልክሏል። ሰው ሲሞት ወራሹ ለመሬቱ ጌታ ግብር ያገባል፤ ገዳም ግን አይሞትምና የያዘውን አይለቅም፤ ሹማምንቱም ይህን «የሙት እጅ» ይሉታል።

የገዳሙ መጋቢ አባ ኦስበርት መላ አያጡም።

«መስጠት ተከለከለ እንጂ መረታት ማን ከለከለ?» አሉት። «አባትህ መስኩን ከገዳሙ ነጥቋል ብለን እንከስሃለን። አንተ በቀጠሮው ቀን ትቀራለህ፤ ዳኛው ይፈርድልናል፣ በቃ።»

«አባ! አባቴ እኮ የሰው ሣር እንኳ አልነካም!»

«አጣነው እንዴ ልጄ? ሙት አይቀየምም። ይልቅ የሲመንን ነፍስ አስባት።»

ሃሞ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ነገሩ ሩቅ ከተማ፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት የሚያልቅ መስሎት ነበር፤ ሞኝ! የመሬት ክስ መጥሪያ የሚነገረው እዚያው መሬቱ ላይ መሆኑን ረሳ።

የችሎቱ መልእክተኞች መጥተው የመጥሪያ ምልክት የሆነውን ነጭ በትር መስኩ ላይ ተከሉ፤ በአጫጆቹም ፊት፣ ቶርኪል በግፍ ነጥቆታል ስለ ተባለው መስክ ሃሞ መልስ ይስጥ ብለው ለፈፉ። የቶርኪል ሚስት፣ የሃሞ እናት ጉንሂልድ መንሿን ይዛ ሳቀች።

«ቶርኪል? የሰው መሬት እንዳይነካ አጥሩን እንኳ ወደ ራሱ እየሳበ የሚያጥር ሰው? እናንተ ሰዎች ጠጥታችኋል!»

«ምነው ሃሞ፣ አፍህን ለጎሙት?» አለ ጎረቤቱ ዋት።

«ተናገር እንጂ ልጄ!» አለች እናቱ። ሃሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ፊቱን አየችና ሳቋ ጠፋ። «አንተ ነህ?»

«ለሲመን ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ለልጅህ ብለህ አባትህን ሸጥከው! ከእንግዲህ እኔ የሌባ ሚስት ሆኜ ቤተ ክርስቲያን የት ልቁም?»

ሃሞ እፍረት አቃጠለው፤ በቀጠሮው ቀንም እውነቱን ሊናገር ወደ ከተማ ወጣ። ችሎቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ሲመን ትዝ አለውና ሳይገባ ቀረ። ጠሪው ስሙን ሲጣራ በመስኮት በኩል እየሰማው፣ ከውጭ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ፤ አቤት አላለም። መስኩ ለገዳሙ ተፈረደ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕግ ያንንም ቀዳዳ ደፈነ፤ ተከሳሽ ቢቀርም እንኳ ጎረቤቶች ምለው እውነቱን እንዲናገሩ አዘዘ። ለጉንሂልድ አልደረሰላትም፤ እስክትሞት ድረስ ከበሩ አጠገብ ቆማ አስቀደሰች፤ ሃሞም ከፊቷ ሊቆም አልደፈረም። ዘመን አልፎ ሌላ ንጉሥ ገዳማቱን ሲዘጋ፣ አይሞትም የተባለውም ሞተ፤ ለሲመን የሚቀድስ ጠፋ። መስኩን ግን የአገሩ ሰው ዛሬም «የሌባው መስክ» ይለዋል፤ ሌባው ማን ነበር ብትሉት፣ ሳያመነታ ቶርኪል ይላችኋል።