የማድፈጫዋ በር

ኪዳኔ የሞተው ለእርግብ አደን በተደበቀባት የበቆሎ አገዳ ማድፈጫ ውስጥ፣ ከጀርባው በተተኮሰ፣ ፍንጣሪው በሚበተን የአደን ጠመንጃ፣ በሾትጋን፣ ነው። ቦታው በስደት ከሚኖሩባት ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከተማው አልቆ የስንዴ ማሳው የሚጀምርበት ሜዳ ነው። ገዳዩም ተገኘ ተባለ፤ ራሱ ተናግሯላ! ፖሊስ ሲደርስ የብዙዬ ባል መስፍን ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ «ገደልኩት! ወንድሜን ገደልኩት!» እያለ ደረቱን ይደቃ ነበር። ሲመጣ መንገድ ላይ አንዲት እርግብ ላይ ተኩሶ ስቶ ስለነበር ጠመንጃው ባሩድ ባሩድ ይሸታል። በዚያ ላይ ሁለቱ ጓደኛሞች በሰበካ ጉባኤው ምርጫ ሰው ፊት ተሰዳድበዋል። ከዚህ በላይ ማን ይመርምር?

ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ካመነ ሃያ ዓመት፣ ተከራክሮ ከተረታ ዕድሜ ልክ። «ሃያው ይሻላል፤ ልጆቹን አድገውም ቢሆን አያቸዋለሁ» አላት በእስር ቤቱ መስታወት ማዶ። ብዙዬ መስታወቱን በጥርሷም ቢሆን ብትሰብረው ደስ ባላት።

የቀረቻት ሰው ሠርካዲስ ብቻ ነበረች። አገር ቤት የወንጀል መርማሪ የነበረች፣ አሁን ደግሞ ለተከላካይ ጠበቆች የምትመረምር፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት ናት። ብዙዬ በመኪናዋ ይዛት ስትዞር፣ እሷ አንገቷን ደፍታ የፖሊስ ፎቶዎችን ታገላብጣለች።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ ‹ገደልኩት› ማለቱ እኮ ለቅሶ ነው!» አለች ብዙዬ። «‹ና እንታረቅ፣ አብረን እናድን› ብሎ ኪዳኔን የጠራው መስፍን ነው። ባልጠራው አይሞትም ነበር ብሎ ነው ገደልኩት ያለው። እኔስ አባቴ ሲሞት፣ መድኃኒቱን አዘግይቼ ልኬ፣ ገደልኩት ብዬ አልቅሼ የለ?»

«አውቃለሁ። በስልክ ለፖሊሶቹ ያስተረጎመው ሰው ግን ቃሉን እንዳለ ሰጣቸው። እኛ ያልገደልነውን ገደልን ብለን እናለቅሳለን፤ የገደለው ምን ብሎ እንደሚያለቅስ ነው ያላወቅሁት» አለች ሠርካዲስ።

መጀመሪያ ጋሽ ተስፎም ዘንድ ሄዱ። የኪዳኔ የአደን ባልደረባ፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«በሞተበት ዋዜማ፣ ዓርብ ማታ፣ እኔና ኪዳኔ ነን የሠራናት» አሉ። «አሮጌዋ ማድፈጫ ዛፎቹ ሥር ነበረች፤ ይቺን ግን መሐል ማሳው ላይ አደረግናት። እርግብ ፊትሽን ካየች አትወርድም፤ ስለዚህ አገዳ አቁመን፣ መረብ ደርበን፣ ጭድ በተንንባት። አጠገቧ ቆመሽ እንኳ የጭድ ክምር ነው የምትመስልሽ።»

«በሯስ?»

«ምን በር አላት! በጎን በኩል መረቡን ገለጥ ታደርጊያለሽ። ያላሳዩት ሰው አያገኘውም።»

ሠርካዲስ አንድ ፎቶ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ፎቶው ላይ የሚታዩት እርግቦችን ለማታለል ማሳው ላይ የተደረደሩት የፕላስቲክ እርግቦች ናቸው።

«ኧረ እነዚህ ሳይዞሩ ቀርተዋል!» አሉ። «እርግብ የምታርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛ ነው፤ የፕላስቲኮቹም ጭንቅላት ወደ ነፋሱ መሆን አለበት። ዓርብ ነፋሱ ከምዕራብ ነበር፤ ሌሊት ዞሮ ከምሥራቅ መንፈስ ጀመረ። ኪዳኔ ጠዋት ከምንም በፊት እነሱን ነበር የሚያዞረው። አለዚያ አንዲትም አትወርድም።»

«ይቺስ?» ሠርካዲስ ጣቷን ማድፈጫዋ አናት ላይ አሳረፈች። አንዲት የሞተች እርግብ፣ እውነተኛ፣ መረቡ ላይ ተዘርግታለች።

ሽማግሌው ፎቶውን መለሱላት። የእርግብ አደን ላይ የሞተች እርግብ ማን ልብ ይላል?

ባስልዮስን ያገኙት ራሱ ብዙዬ ቤት ነው። የኪዳኔ ሚዜ ነበር። መስፍን ከታሰረ ወዲህ የብዙዬን ልጆች በፒክአፕ ትራኩ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውና የሚመልሰው እሱ ነው፤ እሷም በየማታው እግዜር ይስጥልኝ ስትለው ዓይኑን ይሰብራል። ትሕትናው ይመስላት ነበር።

«ከጎህ ጀምሮ ከኪዳኔ ጋር ማድፈጫዋ ውስጥ ነበርን» አለ። «እርግቦቹ መንጋ መንጋ ሆነው መውረድ ሲጀምሩ፣ ጥይት ረስቼ ስለነበር ላመጣ ወደ ትራኩ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ነበር ፓርክ ያደረግኩት። ተኩስ ሰማሁ። ስመለስ መስፍን እየጮኸ ነው።»

«ነፋሱ ከየት ነበር?»

«ኧረ ብርድ ነበር እትዬ፣ እጄ ደንዝዞ…»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ሠርካዲስ ግን አመስግናው ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ማሳው ላይ ተሰበሰቡ። የኪዳኔ ሚስት ዓለምነሽ ጥቁሯን ለብሳ ከብዙዬ ራቅ ብላ ቆመች፤ ከቀብሩ ወዲህ ሰላም ብላት አታውቅም። ጋሽ ተስፎም ከዘራቸውን ተደግፈዋል። ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ መርማሪ፣ ዲቴክቲቩ፣ ያን ቀን በስልክ ያስተረጎመውን ሰው ይዞ መጥቷል። ዛሬ ካልሆነ ነገ ሰኞ ነው።

«ባስልዮስ፣ ያን ጠዋት እንደገባህ አድርገህ እስቲ ግባልን» አለች ሠርካዲስ።

ባስልዮስ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ለፊት ሄደ። አገዳው ተቆርጦ መረቡ በተንጠለጠለበት ክፍት ቦታ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ጋሽ ተስፎም ቃተቱ። «ልጄ… እሱ እኮ በር አይደለም። ሬሳውን ለማውጣት ፖሊስ የቀደደው ነው።»

ሠርካዲስ ወደ ማድፈጫዋ ጠጋ አለች።

«አንድም ቀን እዚህ ገብተህ አታውቅም» አለች ሠርካዲስ ድምጿን ሳታነሣ። «ገብተህ ቢሆን በጎን መግባቱን ታውቅ ነበር። እርግቦቹ ወረዱ አልክ፤ ፕላስቲኮቹ ግን ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው ነው ያደሩት፤ ኪዳኔ ለማዞር እንኳ ሳይወጣ ነው የሞተው። ታዲያ ሰው ያልነበረበትን ቦታ ነበርኩበት የሚለው ለምንድን ነው? ጥይቱ ከውጭ ስለመጣ፣ ውጭ አልነበርኩም ለማለት ነው። ማድፈጫዋ አናት ላይ የሞተችውን እርግብ ደግሞ ኪዳኔ ከውስጥ ሆኖ አልመታትም። አንተ ያነጣጠርከው እሷ ላይ ነበር።»

ከአገዳው ውስጥ የባስልዮስ ድምፅ መጣ። «ኪዳኔ እንደ ድሮው ዛፎቹ ሥር ያለ መስሎኝ… የጭድ ክምር ነው የመሰለኝ። እርግቧ ላዩ ላይ አረፈች። ሲጮህ ሰማሁት። ሮጬ ትራኬ ውስጥ ገባሁ። መስፍን ‹ገደልኩት› ሲል ስሰማ… አፌ ተያዘ። እሱ አለውና፣ ዝም አልኩ።»

ብዙዬ ራሷን አላወቀችም። ወደ ቀዳዳው ሮጣ መረቡን በሁለት እጇ ጨመደደችው። «ልጆቼን እያደረስክልኝ! ‹አባባ መቼ ነው የሚመጣው?› ሲሉህ ምን ትላቸው ነበር?»

«ቶሎ ይመጣል እላቸው ነበር።»

ከኋላዋ አንድ እጅ ትከሻዋን ያዛት፤ ዓለምነሽ ነበረች። ሁለቱ ሴቶች እዚያው ገለባው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ አንዷ ለተመለሰላት፣ አንዷ ለማይመለሰው።

ባስልዮስ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ በቀዳዳው። «ገደልኩት» አለ። ደረቱን አልደቃም፣ አልጮኸም።

ዲቴክቲቩ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። ሰውየው ግን ከንፈሩን ነክሶ ሠርካዲስን ያያል።

«ይኼኛውን» አለችው፣ «ቃል በቃል ተርጉመው።»