የሐሩን መንጋጋ

ኢምፔሪያል አካባቢ ቆሞ የነበረ ሕንፃ ግንባታው ሲቀጥል፣ ቆፋሪዎች ከመሠረቱ አጠገብ የሰው አፅም አገኙ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። በታችኛው መንጋጋ ላይ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከል የታይታኒየም ብሎን አለ። በዚያ ብሎን አፅሙ የሐሩን መሆኑ ታወቀ። ሐሩን ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋ የገርጂ ጨርቅ ነጋዴ ነው።

ያን ጊዜ፣ ሐሩን በጠፋ በሦስተኛው ቀን፣ ተጣልቶት የነበረው ጓደኛው ብርሃነ ተይዞ ነበር። «አልገደልኩም» እንዳለ እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። ኢንስፔክተር ትበርህ የተላከችው መዝገቡን እንድትዘጋ ብቻ ነው። እሷ ግን ብሎኑን ወደ ተከለው ሐኪም፣ ወደ ዶክተር አብኔዘር ሄደች።

«መቼ ነው የተከሉለት?»

«ጥቅምት ሦስት። በማግስቱ ጠፋ።»

ሐኪሙ የመንጋጋውን ራጅ ደጋግሞ አየ።

«ይኼ ሊሆን አይችልም» አለ። «አጥንት ብሎንን ወዲያው አይዝም። መጀመሪያ ዙሪያውን ደም ይረጋል፤ በሳምንታት ውስጥ ስስ አጥንት ይበቅላል፤ እሱም በወራት ይጠነክራል። እዚህ ግን አጥንቱ የብሎኑን ጠመዝማዛ ጥርሶች ሁሉ ሞልቶ ይዟል። ቢያንስ አራት ወር ይፈልጋል።»

«ከሞተ በኋላስ?»

«የሞተ ሰው አጥንት አያበቅልም።»

ትበርህ የሐሩንን ሚስት ሳናን ቤቷ ሄዳ አነጋገረቻት። «የጠፋ ዕለት ጉንጩ አብጦ ነበር። ሾርባ እንኳ በጭንቅ ነው የጠጣው።»

ታላቅ ወንድሙ ሃይደር ብቻውን በሚኖርበት ግቢ ተቀበላት።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ጥርሱን ሊያስተክል ሲል፣ በዋዜማው።»

«ብሎኑ በጣም አሞት ነበር አሉ።»

«መጀመሪያ ላይ ነው እንጂ፣ ኋላማ ቆሎ ሳይቀር ይቆረጥም ነበር።»

ትበርህ ጻፈችው።

በማግስቱ ሳናንና ሃይደርን፣ ሐኪሙንና የብርሃነን እናት ወይዘሮ አልማዝን ቢሮዋ ሰበሰበች።

«ሐሩን እስከ የካቲት በሕይወት ነበር፤ አጥንቱ ይመሰክራል» አለች። «ብርሃነ ግን ከጥቅምት ሰባት ጀምሮ እስር ላይ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ሐሩንን ደብቆ ያኖረው ነበር። ሃይደር፣ ከተተከለለት በኋላ አላየሁትም ብለሃል። ታዲያ ሕመሙ እንደተሻለው፣ ቆሎ እንደቆረጠመ ማን ነገረህ?»

ሃይደር አንገቱን ደፋ።

«ሐሩን በጠፋበት ቀን አንዲት ሴትዮ በመኪና ገጭቼ አመለጥኩ» አለ በመጨረሻ። «ሐሩን አብሮኝ ነበር። ፖሊስ አግኝቶት እንዳይመሰክርብኝ እኔው ጋ ሸሸግሁት፤ እሺ ብሎኝ ነበር። ኋላ ብርሃነ በእሱ ሞት መከሰሱን ሐሩን ሰማ። ‹ወጥቼ ሕያው ነኝ እላለሁ› አለ። በሩ ላይ ታገልን። መታሁት...»

ሳና ወደ እሱ ዞረች። «ሃይዱ፣ በየጁምዓው ምሳ አመጣልህ ነበር። እሱ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ድምፄን ይሰማ ነበር?»

 ሳና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ትበርህ ወደ ወይዘሮ አልማዝ ቀረበች። «እማማ፣ የልጅዎ ስም ዛሬውኑ ከመዝገቡ ይሰረዛል።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«እንዳልገደለማ እኔም አውቅ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ያልነገራችሁት ለእሱ ነው።»