በሰሜኑ በር የቀረ ጫማ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ቂርቆስ ንጋት፣ የአስተርጓሚው የገሠሠ ሬሳ ቡታጅራ ላይ በአሮጌው የገዥ አዳራሽ ደረጃ ሥር ተዘርግቶ ተገኘ። ራሱ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ዓይኖቹ እንደ ተከፈቱ ወደ ኮረብታው ያያሉ። በእግሮቹ ካልሲ እንጂ ጫማ አልነበረም።

ገሠሠ የአገሩ ልጅ ነበረ። ጣልያንኛን በወጣትነቱ አዲስ አበባ ከግንበኞች ለምዶ፣ ጠላት በገባ ጊዜ ረዚደንቱ ለተባለው የወረዳው ጣልያን ሹም አፍና ጆሮ ሆነ። ሕዝቡ ባንዳ ይለዋል፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አላለውም።

በዋዜማው ቀን ከዋናው ከተማ የመጡ ሹማምንት ቡታጅራን ሊጎበኙ ወጥተው ነበር። ረዚደንቱ ከፊት፣ ገሠሠ ከጎኑ፣ በግድ የተጠሩት የከተማው ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው አዲሱን የመንግሥት ቤት ከነቆርቆሮው፣ አዲሱን ወኅኒ ከነብረት መዝጊያው፣ ከዚያም የቀድሞ ገዥዎች ችሎት ያስችሉበት የነበረውን፣ ዛሬ ግን የስንዴ መጋዘን የሆነውን አዳራሽ አዩ። በኮረብታው ላይ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ለማግሥቱ ተቀጠረ። ከመንግሥት ቤቱ ፊት ካለው አዲስ አደባባይ ሲደርሱ ገሠሠ የጌታውን ቃል በአማርኛ መለሰ።

«እዚህ ቦታ ላይ የማይረቡ ጎጆዎች ነበሩ፤ መንግሥት አጽድቶታል።»

ከሽማግሌዎቹ መካከል ነጋዴው ሀጂ ሀቢቡ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከፈረሱት ቤቶች አንዱ የእርሱ ነበረ።

«የሰው ቤት ነበረ በልልኝ እንጂ። ወይስ ጣልያንኛው ለዚህ ቃል የለውም?»

«አለው፣ ሀጂ። ለረዥም ምላስ የሚሆን ገመድም አለው።»

«አላህ ያንተን ምላስ ይዝጋው።»

ይህን ሁሉ ሰው ሰማ። በማግሥቱ ሬሳው ሲገኝ፣ ሀቢቡ ፀሐይ ሳይሞቅ በአዲሱ ወኅኒ ገባ፤ በቀትርም በፈረሰው ቤቱ ቦታ ላይ፣ እንግዶቹ እያዩ፣ እንዲሰቀል ተፈረደበት።

የሀቢቡ ሚስት ሰፍያ ወደ ባላምባራስ ዱባለ እየሮጠች ሄደች። ዱባለ ከጠላት በፊት በዚያው አዳራሽ ዳኛ ሆኖ ለብዙ ዘመን የተቀመጠ፣ አሁን ከእንሰት ጓሮው የማይወጣ አዛውንት ነው። በችሎቱ ሳለ ከሳሽንም ተከሳሽንም አስቀድሞ እግራቸውን ያይ ስለ ነበረ፣ ሰዎች «ምላስ የሚሰማው እግር ከመሰከረ በኋላ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

«ባላምባራስ፣ ሀቢቡን ሊሰቅሉብኝ ነው። እርስዎ ያውቁታል፤ ዶሮ እንኳ ሲያርድ ፊቱን ያዞራል።»

ዱባለ ጋቢውን ደርቦ ወጣ።

ረዚደንቱን ያገኘው በሬሳው አጠገብ ነበር። ከሐማሴን የመጣ አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ በሟቹ ፈንታ ያስተረጉም ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ረዚደንቱ። «ሀቢቡ ረገመው። ሰውዬው ጫማ የለውም፤ ጫማ የሚወልቀው መስጊድ ሲገባ ነው፤ መስጊዱም እዚሁ አጠገብ ነው። ጠርቶ ገደለው።»

«ጌታው፣ በአገራችን ገዳይ ሲጠፋ አፈርሳታ ይጠራል። ሕዝቡ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪገለጥ ድረስ ማንም አይበተንም። እስከ ቀትር ይስጡኝ።»

ረዚደንቱ ሊስቅበት ነበር። ነገር ግን ከእንግዶቹ አንዱ የአገሬውን ችሎት ማየትና ፎቶግራፍ ማንሳት እንደሚወድ ተናገረ። የአንድ ሰው ነፍስ በጉብኝቱ ላይ አንድ ትርኢት ተጨምሮበት እስከ ቀትር ተራዘመች።

ዱባለ ጎንበስ ብሎ ሬሳውን መረመረ። የራስ ቅሉ ከኋላ በዱላ ተመትቷል። በደረጃው ድንጋይ ላይ ግን የደም ምልክት የለም። ጨርቁ ከነጠላ የተቀደደ ነው፤ ተጠንቅቆ፣ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ተቋጥሯል። ካልሲዎቹን ገልብጦ አየ። በክሩ መካከል አረንጓዴ የሣር ስባሪ ተሰግስጓል።

ወደ ወኅኒው ተሻገረ። ሀቢቡ እጆቹ እንደ ታሰሩ ተነሥቶ ተቀበለው።

«ረገምኸው፣ ሀጂ?»

«ረግሜዋለሁ፣ አልክድም። ግን እርግማን ራስ ሲፈነክት አይተው ያውቃሉ?»

«ከመግሪብ በኋላ የት አመሸህ?»

«በሚስቴ ወንድም በሙሀመድሰይድ ደጅ። ቤት የሌለው ሰው ምስክር አይቸግረውም፣ ባላምባራስ፤ ያስጠጋው ሁሉ ያየዋል። ነጩ ሰው ግን ዘመድ ናቸው ብሎ አልሰማቸውም።»

«መስጊዳችሁ ወለሉ ምን ተነጥፎበታል?»

«ሰሌን ነዋ። ምን ሊነጠፍበት ኖሯል?»

ዱባለ ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

የሟቹ ሚስት ውድነሽ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ለባንዳ የሚያለቅስ ጎረቤት አልመጣም።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ገሠሠ ጫማውን የሚያወልቀው የት ነበር?»

«ከጣልያን የተሰጠው ቦቲ ነው። ሲበላም አያወልቀውም፤ እኔ እንኳ አልጋ ላይ እንዳይወጣበት ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ከቤተ ክርስቲያን በቀር። እናቱ ያሳደገችው እንዲያ ነው። ለማን እንዳደረ ያውቃል፤ የማን እንደ ሆነም ያውቃል።»

«ትናንት ማታ ወደ ቂርቆስ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።»

ውድነሽ መጋረጃውን አየች፤ ደጁን አየች፤ ከዚያ በጆሮው አንሾካሾከች። የነገረችው ጥቂት ቃል ነው። ዱባለ ሲሰማ ዓይኖቹን ጨፈነ።

«ይህን ለሌላ ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም። ብናገር እኔንም ይሰቅሉኛል፤ ዕቃውንም ይወስዱታል።»

«እንግዲያስ እኔም አልሰማሁም።»

ኮረብታውን ወጥቶ ሲደርስ የበዓሉ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ይወጣ ነበር። በሰሜኑ በር፣ ወንዶች በሚገቡበት፣ በድንጋዩ ደፍ ሥር ጥቁር ቦቲ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እንደ እባብ እየዞረው ያልፋል።

«ይህ የማን ነው?» አለ ዱባለ።

«የመንግሥት ጫማ ማን ይነካል፣ ጌታዬ?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ስንመጣም ነበረ። ባለቤቱ ያንሳው ብለን ተውነው።»

ዱባለ የራሱን ጫማ አውልቆ ገባ። ለበዓሉ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ገና አልደረቀም። ከዕቃ ቤቱ መዝጊያ ፊት ቄጠማው ከሌላው ቦታ ይልቅ ወፍሮ ተደርቧል። ሣሩን በእጁ ገለጠ። ድንጋዩ ታጥቧል፤ በሁለቱ ድንጋዮች መጋጠሚያ ውስጥ ግን ጥቁር ደም ደርቆ ቀርቷል። ብድግ ብሎ በግንባሩ ላይ አማተበ።

ሲወጣ ቄሰ ገበዝ ተካን ከቅጽሩ ውጭ፣ ከዝግባው ሥር ቆመው አያቸው። ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃና ቁልፍ የሚጠብቁ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በባዶ እግራቸው የሄዱ፣ ሕዝቡ እንደ ጻድቅ የሚያያቸው አባት ናቸው።

«አባቴ፣ በበዓሉ ቀን ከቅጽር ውጭ?»

«አሞኛል፣ ልጄ።»

«መቋሚያዎስ? ያለ እርሱ አይቼዎት አላውቅም።»

«ተሰበረ።»

ዱባለ መስቀል ሊሳለም ራሱን ዝቅ አደረገ። ገበዙ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አላወጡም። ዱባለ ቀና ብሎ ወደ ሰሜኑ በር ተመለሰና ቦቲውን ከጋቢው ሥር ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

ፀሐይ ወደ መካከል ስትቀርብ ሕዝቡ በአዳራሹ ፊት ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። እንግዶቹ በወንበር ተቀምጠዋል። ሀቢቡ በሁለት አስካሪዎች መካከል ቆሟል፤ ገመዱም በአደባባዩ ተዘጋጅቶ ይታያል። ገበዝ ተካ ከካህናቱ ተለይተው በዳር ቆመዋል።

ዱባለ ተነሣ።

«በአፈርሳታ ሥርዓት ምስጢር ያወቀ ሰው ራሱን ሳይገልጥ ይናገርና ወፍ ነገረችኝ እንላለን። ዛሬ ወፍ አላገኘሁም። ጫማ አገኘሁ።»

ቦቲውን ከጋቢው ሥር አውጥቶ በመካከል አስቀመጠው።

«ገሠሠ ጫማውን በገዛ እጁ አውልቋል፤ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀምጦታልና። ሌባ ቢሆን ይወስደው ነበር። ረዚደንቱ መስጊድ ነው አሉ። መስጊዱ ሰሌን ነው፤ በሟቹ ካልሲ ግን ቄጠማ አለ። በጥር ወር በዚህ ከተማ አዲስ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ቤት አንድ ብቻ ነው። ጫማውም የተገኘው በዚያው ቤት በሰሜን በር ነው።»

አስካሪው ሲያስተረጉም ከካህናቱ በኩል ጉምጉምታ ተነሣ።

«ሐሰት ነው» አለ አንዱ። «በቤተ ክርስቲያን ተመትቶ በአዳራሹ ሥር እንዴት ይገኛል?»

«ጥያቄው እርሱ ነው፤ መልሱም ጨርቁ ነው። ነፍሰ ገዳይ ገድሎ ይሸሻል፤ የገደለውን ሰው ቁስል አያስርም። ይህኛው ግን ነጠላውን ቀድዶ፣ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረ። አዝኖለት ቢሆን ሰው በጠራ፣ ወደ ሐኪምም በወሰደው ነበር። ያዘነው ለወለሉ ነው። በቤተ መቅደስ ደም ቢፈስ፣ ሰውም ቢሞት፣ ጳጳስ መጥቶ በሜሮን እስኪያከብረው ድረስ ቤቱ ይዘጋል፤ በዓሉም ይታጎላል። ይህን የሚፈራ ሌባ የለም፤ ወታደር የለም፤ እስላምም አይፈራውም። የሚፈራው የቤቱ ሰው ነው።»

«ጫማውን ለምን ተወው?» አለ ረዚደንቱ፤ አሁን ወደ ፊት አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር።

«አላሰበውም፣ ጌታው። እርስዎ ቢሆኑ ባዶ እግር ሰው ሲያዩ ጫማው የት ሄደ ይሉ ነበር። ዕድሜውን በመቅደስ የኖረ ሰው ግን ባዶ እግርን ሲያይ የጎደለ ነገር አይታየውም። በምዕራቡ በር ተሸክሞት ወጣ፤ ጫማውም በሰሜኑ በር ቀረ። በማግሥቱ እንዳያየው የከለከለውም የገዛ ሕሊናው ነው፤ ደም በነካ እጁ ወደ ውስጥ መግባት አልደፈረምና።»

ዱባለ ማንንም በጣቱ አላመለከተም። ሀቢቡ ዓይኖቹን ወደ ገመዱ ወረወረ፤ ሰፍያ ነጠላዋን በጥርሷ ነከሰች።

ገበዝ ተካ ወደ መካከል ወጡ። የእጅ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው በአጠገባቸው ላለው ካህን ሰጡ።

«ሀቢቡን ፍቱት። የመታሁት እኔ ነኝ። በመቋሚያዬ አንድ ጊዜ መታሁት።»

«ለምን?» አለ ረዚደንቱ።

ገበዙ ወደ ኮረብታው አላዩም።

«ባንዳ ስለ ሆነ።»

«ሲያወጡት ይተነፍስ ነበር፣ አባቴ?» አለ ዱባለ ቀስ ብሎ።

«ይተነፍስ ነበር። በውስጥ እንዳይሞት ቸኮልሁ።»

«ሐዋርያው የእግዚአብሔር ማደሪያ ሰው እንደ ሆነ አስተምሮናል፣ አባቴ። እርስዎም ከዚያ መጽሐፍ አስተምረውኛል። ከሁለቱ ቤቶች የድንጋዩን መረጡ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። የሀቢቡ እጆች ተፈትተው በዚያው ገመድ የእርሳቸው ታሰሩ።

በውድነሽ ፊት ሲያልፉ ቆሙ። አስካሪው እንዳይሰማ በጉራግኛ ተናገሩ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ባልሽ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሲነካካ አገኘሁት። የነገሥታቱን መስቀልና ብራናውን ለእንግዶቹ ሊያወጣላቸው ነበረ።»

ውድነሽም በጉራግኛ መለሰች፤ ድምፅዋ እንደ ደረቀ እንጨት ነበር።

«ሊያሸሸው ነበረ፣ አባ። ዛሬ በጉብኝቱ ሰበብ አይተው እንደሚወስዱት ሲማከሩ ሰምቶ ቤት መጥቶ ነገረኝ። እርስዎን ፈልጎ አጣዎት። ጊዜ የለም፣ ራሴ አወጣዋለሁ ብሎኝ ሄደ።»

ገበዙ በእግሯ ሥር ተደፉ። አስካሪዎቹ ሽምግልና ነው ብለው ብብታቸውን ደግፈው አነሷቸው።

ረዚደንቱ እንግዶቹን ይዞ ወደ ኮረብታው ሊወጣ ሲዘጋጅ ዱባለ መንገድ ዘጋ። «ቤቱ ደም ፈስሶበታል፤ ዛሬ ተዘግቷል። እኛም አንገባም። በግድ ቢገቡ ሕዝቡ ዝም አይልም።» ረዚደንቱ የተሰበሰበውን ሕዝብ አየ፤ ካህናትን እንዳያስቆጣም ከበላይ ታዝዞ ነበርና ተመለሰ። እንግዶቹ የተዘጋውን በር ከሩቅ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ገበዝ ተካ በአዲሱ አደባባይ ሲሰቀሉ አይተው ሄዱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሀቢቡ በበቅሎዎች በርበሬ ጭኖ ወደ ቆሼ ገበያ ወረደ። በኬላው ላይ አንድ ወታደር እጁን ከጆንያው ከተተ፤ ወዲያው ማስነጠስ ያዘውና እየተሳደበ አሳለፈው። ከበርበሬው ሥር ዱባለ በሌሊት ከኮረብታው አውርዶ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ የሰጠው ረዥም ዕቃ ነበረ። ሀቢቡ ምንነቱን አልጠየቀም።

ቡታጅራ ላይ ካህናቱ ለባንዳ ፍትሐት አናደርስም ብለው ነበር። ዱባለ «ፍቱት» አላቸው፤ ምክንያቱን ግን መናገር አልቻለም። ስለ ዱባለ ክብር ፈቱት።

ውድነሽ ቦቲውን ከዱባለ ተቀብላ ስትሄድ አንዲት ሴት በመንገድ ዳር ቆማ እንትፍ አለች።

«የባንዳ ሚስት።»

ውድነሽ የቆሼን መንገድ ተመለከተች። የበቅሎዎቹ አቧራ ገና ይታይ ነበር። ጫማውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ገባች።